ቧንቧው አየር ሲያጥረው

የመታጠቢያ ቤቱ ዕድሳት ካለቀ ሁለት ወር አልሞላውም። ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ድረስ ነጭ ሴራሚክ ለብሷል፤ ላቫንዲኖውም መስታወቱም አዲስ ነው፤ ከሻወሩ ማዶ ጥጉ ላይ የቤቱ እመቤት ለዓመታት ሲመኙት የኖሩት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቆሟል። በሩ ሲከፈት ግን እንግዳውን የሚቀበለው የፍሳሽ ሽታ ነው።

ቤቱ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ውስጥ ነው፤ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ግርጌ አልፎ ወደ ጋሸናና ወልድያ ከሚዘልቀው መንገድ ብዙም አይርቅም። ባለቤቱ መምህር ናቸው። ቧንቧ ሠራተኛ ሲያስጠሩ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። ቀደም ብሎ የመጣው መስመሩን በሽቦ ጠርጎ፣ ኬሚካል ጨምሮበት፣ «ተከፍቷል» ብሏቸው ሄደ። ሽታው በማግስቱ ተመለሰ። አሁን የመጣው ወጣት ሳኒተሪ ሠራተኛ መፍቻና መጋዙን ከማውጣቱ በፊት ሌላ ነገር ጠየቀ።

«እትዬ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃና ትንሽ ዕጣን ቢሰጡኝ።»

«ዕጣኑስ መች ጠፋ ልጄ፤ ለሽታው ብለን ጧት ማታ እናጨስ የለም እንዴ!»

ፍሙ ላይ ዕጣን ጣል ተደረገበትና ማጨሻው ሻወሩ ሥር ካለችው የወለል ማፍሰሻ፣ ከፒሌታዋ አጠገብ ተቀመጠ። ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ወጣቱ ባልዲውን አንስቶ ውሃውን በአንድ ጊዜ ሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ ገለበጠው። ጢሱ ጎንበስ አለ፤ ወደ ፒሌታዋ ወንፊት ተስቦ ገባ፤ ከወለሉ ሥር ጉልግል የሚል ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ጢሱ ተመልሶ ወደ ላይ ተነነ፤ ከጢሱ ጋርም ሽታው መጣ። ወጣቱ ወንፊቷን ፈልቅቆ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አበራ። ውሃ መታየት ባለበት ቦታ የሚታየው ባዶ ቧንቧ ነው።

«አልተዘጋም እኮ፣ ውሃው ይሄዳል» አሉ መምህሩ።

«ይሄዳል መምህር። ሲሄድ ግን አየር ይፈልጋል። አንቱ ቤት አየር የሚገባበት ስላልተሠራለት ከዚህ ይስባል፤ የዚህችን ውሃ ጠጥቶባት ይሄዳል።»

ቤት ሲታደስ ገንዘቡም ክርክሩም የሚያልቀው በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ በሴራሚኩ ቀለም፣ በቧንቧው እጀታ፣ በበሩ ዓይነት። ከወለሉ ሥርና ከግድግዳው ጀርባ ስለሚቀበረው መስመር ባለቤቱ የሚጠይቀው ቢበዛ አንድ ጥያቄ ነው፤ ውሃው ይወርዳል ወይ? አየሩ በየት ይገባል ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ቤቱን ለሽታ፣ አልፎም ለበሽታ የሚያጋልጠው ይህ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

የሲፎኑ ውሃ

ከላቫንዲኖ፣ ከሻወርና ከማሽን የሚነሳ የፍሳሽ ቧንቧ ሁሉ መነሻው ላይ ታጥፎ ጥቂት ውሃ እንዲይዝ ይደረጋል። ሲፎን የምንለው ይህን ነው። የሽንት ቤት መቀመጫ ሲፎኑ በሸክላው ውስጥ አብሮት የተሠራ ነው። በቤቱ አየርና ፍሳሹ በሚወርድበት ጉድጓድ አየር መካከል ያለው መከለያ ይህ የታቆረ ውሃ ብቻ ነው፤ ሌላ በር የለም። ለንደን ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 በታጠፈ ቧንቧ የሚሠራ መጸዳጃ በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ መሠረተ ሐሳቡ አልተለወጠም። ይሁን እንጂ መታጠፉ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ውሃው በራሱ ኃይል ሲፎኑን አራቁቶ እንደሚሄድ ለመረዳትና ለቧንቧው የአየር መስመር ለመቀጠል ሌላ መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

የተለመደው ሲፎን የሚይዘው ውሃ ጥልቀት 50 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ውሃ ሊቋቋመው የሚችለው የግፊት ልዩነት 490 ፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በአፉ ቢነፋበት ያሸንፈዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ንፋስ መውጫ የአየሩ ግፊት 70,000 ፓስካል አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ለውጥ ቧንቧው ውስጥ ከተፈጠረ ሲፎኑ አበቃለት ማለት ነው።

ለውጡ የሚመጣው ከሚፈሰው ውሃ ነው። ከጀሪካን ውሃ የቀዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አፉን ሙሉ አድርገው ሲያዘነብሉት ውሃው ጉልክ ጉልክ እያለ ይቆራረጣል፣ ማዶ በኩል ቀዳዳ ሲያገኝ ግን ያለ ድምፅ አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል። ከሽንት ቤት በአንድ ጊዜ የተለቀቀ ውሃ ቧንቧውን ሞልቶ ሲሮጥ ፊት ያለውን አየር ይገፋል፣ ኋላውን ደግሞ ይስባል። ሳቢው ኃይል አየር የሚያገኝበት ክፍት ቧንቧ ካላገኘ በጣም ቅርብ የሆነውን፣ በጣም ደካማ የሆነውን ሲፎን ይሰብራል። ያ ጉልግልታ የሲፎኑ ውሃ ሲጠፋ የሚሰማው ነው።

ፎቅ ቤት ላይ ነገሩ ይብሳል። በቁም ቧንቧ የሚወርድ ውሃ ቧንቧውን አይሞላውም፤ የግድግዳውን ዙሪያ ተለጥፎ ይወርዳል፣ መሐሉ አየር ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ባልደረባ ሮይ ሀንተር ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባደረጋቸው ሙከራዎች ላይ ተመሥርተው የወጡት ደንቦች የቁም ቧንቧ ከስፋቱ ሲሶ በላይ በውሃ መያዝ እንደሌለበት ይደነግጋሉ። የቀረው ሁሉ የአየር መንገድ ነው። የፍሳሽ ቧንቧ ዋና ሥራው አየር ማመላለስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላም አቅጣጫ አለ። ከላይ የሚወርደው ውሃ ታች ደርሶ ሲታጠፍ ፊቱ ያለው አየር መሄጃ ያጣና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያን ጊዜ የምድር ቤቱ ሲፎን ይንቦቀቦቃል። ላይኛው ፎቅ ማሽን ሲያጥብ ምድር ቤት ፒሌታው ላይ የሳሙና አረፋ ብቅ የሚልባቸው ቤቶች ችግራቸው ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻቸውም።

«ሽታ ብቻ ነው»

ብዙ ቤተሰብ ነገሩን በዕጣን፣ በበረኪናና በሽቶ ችሎት ይኖራል። ደጋ አገር ደግሞ ብርዱ መስኮት አያስከፍትም፤ የገባው ሽታ አይወጣም።

የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። አፍንጫ ይህን ጋዝ ከሚሊዮን አንድ እጅ ሳይሞላ ለይቶ ያውቀዋል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚያጋጥመውም ብዙውን ጊዜ ይህን ያህሉ ነው። መጠኑ ከሚሊዮን 100 እጅ ሲደርስ ግን አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሴፕቲክ ታንከር ውስጥ ዕቃ ለማውጣት ወይም ለመጥረግ የገቡ ሰዎች፣ እነርሱን ለማዳን የገቡትም ጭምር ተከታትለው የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። ጉድጓዱ ቢሸትም ባይሸትም ሰው መግባት የለበትም። ይህን አጥብቄ የምጽፈው የቧንቧ ሥራ ሲጀመር የጉድጓዱ ክዳን መነሳቱ ስለማይቀር ነው።

የደረቀ ሲፎን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው። አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ መንደር አንድ በሳርስ የታመመ ሰው ወደ አንደኛው ሕንጻ እየመጣ ያድር ነበር፤ ተቅማጥም ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ከ300 በላይ ነዋሪዎች ተያዙ፤ 42 ሞቱ። የከተማዋ ጤና መሥሪያ ቤትና የዓለም ጤና ድርጅት ሲመረምሩ ጣታቸውን የቀሰሩት በየመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወዳሉት ፒሌታዎች ነበር። ነዋሪው ወለሉን በመወልወያ ስለሚያጸዳ ወደ ፒሌታው ውሃ አይገባም፤ ሲፎኑ ደርቋል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የተገጠመው የአየር መሳቢያ ፋን ሲነሳ አየሩን የሚስበው ከፍሳሽ ቧንቧው ነበር፤ ቫይረሱም በጥቃቅን ጠብታዎች ተሳፍሮ ወደ ቤት ገባ።

ያንን ፋን ልብ ይሏል። እዚህም አገር ሽታ ሲያስቸግር የመጀመሪያው መፍትሔ ፋን መግጠም ሆኗል። ሲፎኑ ከደረቀ፣ በሩም ከተዘጋ፣ ፋኑ የሚስበው ከሌላ ከየት ሊሆን ነው? ሽታውን ያወጣ እየመሰለ ከጉድጓዱ አዲስ ይጎትታል።

ድሮ ደኅና የነበረው ቤት

መምህሩ የገረማቸው ሌላ ነገር ነበር። «ይህ ቤት ከዕድሳቱ በፊት ሽታ የሚባል አያውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ምክንያቱም አለው።

በከተሞቻችን የምድር ቤት አሠራር ላቫንዲኖው፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው አጠር ያለ ቧንቧ ይዘው በጓሮ በኩል ወዳለ የፍሳሽ መቀበያ ፖዜቶ ይወጣሉ። የፖዜቶው ክዳን ድፍን ስላልሆነ ቧንቧው አየሩን ከዚያ ያገኛል። ሳይታሰብበት የተሠራ የአየር መስመር ነው፤ እስከሠራ ድረስ ደግ ነው። ዕድሳት ሲመጣ ግን ክፍሉ ይሰፋል፣ ማሽን ይገባል፣ ወለሉን ላለመቆፈር ሁሉም በአንድ ቧንቧ ይቀጣጠላል፣ ፖዜቶውም ሽታ ያመጣል ተብሎ በሲሚንቶ ይታሸጋል። አሮጌው ቤት ሲተነፍስባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች በሙሉ ባንድ ቀን ይዘጋሉ።

በዚያ ላይ ማሽኑ አለ። የሻወር ውሃ በዝግታ ይወርዳል፤ የማሽን ውሃ ግን በፓምፕ ይገፋል። በደቂቃ አሥርና ከዚያ በላይ ሊትር ወደ ቀጭን ቧንቧ ሲለቀቅ ቧንቧው ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ የሞላ ቧንቧ ደግሞ በኋላው ያለውን አየር ሳያስተርፍ ይስባል። መምህሩ ቤት የማሽኑ ቱቦ የሻወሩ ቧንቧ ውስጥ ተወትፎ፣ ዙሪያው በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ማሽኑ በለቀቀ ቁጥር የሻወሩን ሲፎን ያራቁታል፤ መስመሩ የተዘጋ ዕለት ደግሞ ቆሻሻው ውሃ ወደ ማሽኑ የሚመለስበት መንገድ ክፍት ነው። ማሽን የራሱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ቁም ቧንቧ፣ ከሥሩም የራሱ ሲፎን ሊኖረው ይገባል። የማሽኑ ቱቦ ከላይ ልቅ ሆኖ ይንጠለጠልበታል እንጂ አይታሸግም። ቁም ቧንቧው ከሲፎኑ በላይ ከ45 ሴንቲሜትር ካነሰ ውሃው ይገነፍላል፤ ከአንድ ሜትር ብዙ ካለፈ ፓምፑ ይደክማል።

ስለ ፒሌታዋም አንድ ነገር መባል አለበት። ገበያው ላይ በርካሽ የምትሸጠዋ ፒሌታ ከታጠፈ ቧንቧ ይልቅ ውስጧ የተደፋች ትንሽ ኩባያ ነው ያላት፤ የምትይዘው ውሃ ጥልቀት ከአንድ ሁለት ሴንቲሜትር አያልፍም። ፀጉር ሲያስቸግር ኩባያዋ ተነቅላ ትጣላለች፤ ከዚያ በኋላ በወለሉና በጉድጓዱ መካከል ምንም የለም። ሲፎኑ በቂ የሆነ ፒሌታ ከሌለ፣ ወለሉ ሥር የታጠፈ ሲፎን ይቀመጥላት። አንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ባንድ መስመር ላይ ሁለት ሲፎን ያከታትላል፤ በመካከላቸው የታሰረው አየር ውሃውን ያግደዋል፣ ጥንቃቄው ራሱ ችግር ይሆናል።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት፣ ወይም ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ክፍል ካለ ሲፎኑ ማንም ሳይነካው በትነት ይደርቃል። የጋይንት የበጋ ንፋስ ደረቅ ነው። አልፎ አልፎ ግማሽ ጆግ ውሃ መጨመር፣ ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ላዩ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግ ትነቱን ያዘገየዋል።

አገሩ የሚያውቀው ቱቦ

አየር ማስወጫ ቱቦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በየትምህርት ቤቱና በየጤና ተቋሙ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጣሪያውን አልፎ የቆመ ቱቦ አለ፤ ጫፉ ላይ ወንፊት የታሰረበት። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1973 የዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ በብሌር የምርምር ላቦራቶሪ፣ በፒተር ሞርጋን የተሠራ ነው። ንፋሱ በቱቦው አናት ላይ ሲያልፍ ከጉድጓዱ አየር ይስባል፤ ምትኩ አየር በበሩ ገብቶ በመቀመጫው ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽታው ወደ ክፍሉ አይመለስም። ዝንቧ ደግሞ ብርሃኑን ተከትላ ቱቦውን ስትወጣ ወንፊቱ ያግዳታል። ሞርጋን ቱቦ ካለውና ከሌለው ሽንት ቤት የሚወጡትን ዝንቦች በ78 ቀን ውስጥ ቢያስቆጥር ከሌለው 13,953፣ ካለው 146 ተያዙ። ቱቦው ከጣሪያው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ካላለ፣ ወይም ውስጡ በሸረሪት ድር ከተሞላ ሥራውን ይተዋል፤ ብዙዎቹ የቆሙትም በዚህ ነው።

ይኸው የአገሩ ሰው ታዲያ ቤቱ ውስጥ ውሃ ያለበት መጸዳጃ ሲያስገባ ቱቦውን ይረሳዋል። ሴፕቲክ ታንከሩ ላይ አንድ ቱቦ አለኝ ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። የታንከሩ ቱቦ የጉድጓዱን ጋዝ ያስወጣል፤ ማሽኑና ሽንት ቤቱ ባንድ ጊዜ ሲለቁና መካከል ያለው መስመር ሲሞላ ግን አየሩ ከዚያ ተነስቶ ሲፎኑ ጋ አይደርስም። የአየር መስመሩ ለሲፎኑ ቅርብ መሆን አለበት። ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ የደረቁ ሽንት ቤት ቱቦ ሽታ ያወጣል፣ የውሃው መስመር ቱቦ ግን ከምንም በላይ አየር ያስገባል።

ምን ያህል ቅርብ? ወጣቱ ሠራተኛ ለመምህሩ ከማጨሻው ከሰል አንስቶ ሲሚንቶው ግቢ ላይ ሥሎ አሳያቸው። ቧንቧው በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ይዘቀዝቃል። 50 ሚሊሜትር ቧንቧ ሁለት ሜትር ተኩል ከሄደ ዝቅታው አምስት ሴንቲሜትር ይሆናል፤ የቧንቧውን ስፋት ያህል ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ የአየሩ ቀዳዳ ከሲፎኑ ውሃ በታች ይውላል፤ ውሃው ቀዳዳውን ይሸፍነዋል፣ ሲፎኑም ያለ አየር ይቀራል። ለ40 ሚሊሜትር ቧንቧ ደግሞ ሁለት ሜትር ነው ወሰኑ። የአሜሪካ ደንብ 2.4 እና 1.8 ሜትር የሚለው ከዚህ ስሌት ብዙም አይርቅም፤ የብሪታንያው ለጠጥ ያደርገዋል፣ ለ40 ሚሊሜትር እስከ 3 ሜትር ይፈቅዳል። ውሃው ቶሎ ይውረድ ብሎ ቧንቧውን በጣም ማዘቅዘቅ የሚጎዳውም ለዚሁ ነው፤ ርቀቱን ያሳጥረዋል።

የአየር ቧንቧው ከፍሳሹ ቧንቧ ላይ በቲ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከላቫንዲኖው ከንፈር ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር በላይ ሳይደርስ ወደ ጎን መታጠፍ የለበትም፤ ቀድሞ ከታጠፈ መስመሩ በተዘጋ ዕለት ቆሻሻ ውሃ ይገባበትና ይደፈናል። ወደ ጎን የሚሄደውም ክፍል ጠል እንዳያቁር ወደ ፍሳሹ መዝቀዝቀዝ አለበት።

መምህሩ ሴራሚኩን ማስፈረስ አልፈለጉም። እትዬም ማሽናቸውን ለመተው አልፈለጉም። የተስማሙበት ከማሽኑ ጀርባ ግድግዳውን በስቶ 50 ሚሊሜትር ቧንቧ በውጪ በኩል ማውጣት ነበር፤ ለማሽኑም የራሱ ቁም ቧንቧና ሲፎን ተለካለት። ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ፒቪሲ፣ ሁለት ቲ፣ አንድ ሲፎንና አራት አምስት ጎሚቶ ነው። ይህ ሁሉ ወለሉ ሳይደፈን ቢሆን የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ከቧንቧው ይልቅ ያከራከራቸው ጫፉ የት ይሁን የሚለው ነው። በዚህ አገር ንፋሱ የሚናቅ አይደለም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ወገን ወርዶ በሰከንድ 15 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በቱቦው አፍ ላይ ቢያርፍ የሲፎኑን ውሃ እስከ 10 ሚሊሜትር ሊያነቃንቀው ይችላል፤ ሲወዛወዝ ያደረ ውሃ ደግሞ ጥቂት በጥቂቱ እየገነፈለ ይጎድላል። ስለዚህ ጫፉ ንፋሱ ተጋጭቶ ከሚመለስበት ግድግዳና ከጣሪያው ጠርዝ መራቅ አለበት። የብሪታንያ ደንብ በ3 ሜትር ውስጥ መስኮት ካለ ጫፉ ከመስኮቱ አናት 90 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል ይላል፤ ያለዚያ ከወለሉ ያባረሩት ሽታ በመስኮት ይመለሳል። ከፍታ ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ውጪ የሚቀረው ፒቪሲ በቀለም ካልተቀባ በጥቂት ዓመት ይሰባበራል። ቆርቆሮ በስቶ የሚወጣ ከሆነም ክረምቱ ሳይገባ ዙሪያው በደንብ ይደፈን።

ወደ ውጪ ማውጣት ጨርሶ በማይቻልበት ቦታ፣ ለምሳሌ በኮንዶሚኒየም መካከለኛ ፎቅ ላይ፣ አየር ብቻ የሚያስገባ ቫልቭ አለ። ስዊድን ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሲሆን ቧንቧው ሲስብ ይከፈታል፣ ሳቢው ሲቆም በራሱ ክብደት ይዘጋል። ወደ ኋላ የሚገፋ አየርን ግን ማስወጣት አይችልም፤ ላስቲኩም ያረጃል። ስለዚህ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ሕንጻው ውስጥም ቢያንስ አንድ ቧንቧ ጣሪያ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቅር። ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ ሴራሚክ መለጠፍ የገዙትን ዕቃ መጣል ነው።

በወረቀት ላይ ያለው

አገሪቱ መመሪያ አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ደረጃዎች አንዱ፣ ኢቢሲኤስ 9፣ የሕንጻ ውስጥ የውሃና የፍሳሽ መስመርን የሚመለከት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንጻዎችን በ«ሀ»፣ በ«ለ»ና በ«ሐ» ምድብ ከፈለ። በዚያ አዋጅ ፎቅ የሌለው የግል መኖሪያ ቤት የወደቀው ቀላሉ ምድብ «ሀ» ውስጥ ነበር፤ ከባድ ዲዛይን አይጠየቅም ነበር። ለግንቡ ይህ ያስኬዳል። መታጠቢያ ቤቱ ሲታደስ ግን መስመሩን የሚያየው መሐንዲስ የለም፤ ውሳኔው ሁሉ የሚያልቀው በባለቤቱና በዕለቱ በተገኘው ሠራተኛ መካከል ነው። ቴክኒክና ሙያ የተማሩ ልጆች የአየር ቧንቧን ያውቁታል፤ ባለቤቱ «ይህቺማ ምን ታደርጋለች፣ ተዋት» ሲላቸው ግን ይተዋሉ። በጉዳዩ የምወቅሰው ከሠራተኛው ይልቅ አሠሪውን ነው። የሚያዝዘው እርሱ ነውና።

ስለዚህ ዕድሳት ለጀመረ ሰው የምለው አንድ ቀን ይስጠው ነው፤ ቧንቧው ሁሉ ተገጥሞ ወለሉና ግድግዳው ሳይደፈን ያለውን ቀን። ጠዋት የመስመሩ ጫፍ ተደፍኖ ውሃ ይሞላና ያንጠባጥብ እንደሆነ ይታያል። ከሰዓት ጫፉ ይከፈትና ሲፎኖቹ ሁሉ ይሞላሉ። ከዚያ አንዱ ሽንት ቤቱ ላይ ባልዲ ሲገለብጥ፣ ሌላው ላቫንዲኖውን ሞልቶ ይልቀቅ፣ ማሽኑ ካለም በዚያው ቅጽበት ውሃውን ይጣል። ጉልግልታው ቢሰማም ባይሰማም በየፒሌታውና በየሲፎኑ ቀጭን እንጨት ተነክሮ የቀረው ውሃ ይለካ፤ እንጨቱ የረጠበበት ልክ የውሃውን ጥልቀት ያሳያል። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ከእንዲህ ዓይነቱ ፈተና በኋላ ሲፎኑ ውስጥ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ውሃ እንዲቀር ይጠይቃሉ። ከዚያ ካነሰ ሴራሚክ ለጣፊው ይመለስና ቧንቧ ሠራተኛው የአየር መስመሩን እንደገና ይይ።